በቁማሩ አዳራሽ የተጠየቀው ጥያቄ

(በማኅበራችን የማታ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ ሕንድ ጥንታውያን ድርሰቶች ጥቂት እንድንናገር ስትፈቅዱልን፥ «ከማሃባራታና ከራማያና ለእኛ ምን ይተርፈናል?» ብሎ የሚያስብ በመካከላችን እንደማይጠፋ እናውቃለን። ሀገሩ ሩቅ ነው፤ ሃይማኖቱም ሌላ ነው። ሆኖም ሕንድ ለትምህርት ቤቶቻችን እንግዳ አይደለችም። ከጠላት ወረራ በኋላ በነበሩት ዓመታት በየጠቅላይ ግዛቱ ሁለተኛ ደረጃ ት/ቤት ሒሳብና ሳይንስ ካስተማሩት መካከል ብዙዎቹ ሕንዳውያን ነበሩ። አባቶቻችን አልጀብራቸውን ተቀበሉ እንጂ ተረታቸውን የጠየቃቸው ጥቂት ነው።

ማሃባራታ በልማድ መቶ ሺሕ ጥንድ ስንኝ አለው ይባላል። የፑና ከተማ ሊቃውንት ብዙ የእጅ ጽሑፎችን አስተያይተው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1966 ዓ.ም. የፈጸሙት እትም ከዚያ ቢያንስም ከ70 ሺሕ በላይ ነው። የተጻፈውም በአንድ ሰው ዕድሜ ሳይሆን በብዙ መቶ ዓመታት ውስጥ ነው። ነገሩ ባጭሩ በዘመዳሞች መካከል የተነሣ የዙፋን ጠብ ነው፤ በአንድ ወገን አምስቱ የፓንዱ ልጆች፥ በሌላው ወገን መቶው የዕውሩ ንጉሥ የድሪታራሽትራ ልጆች። ጦርነቱ 18 ቀን ይፈጃል። ስለ ጦርነቱ ብዙ ይባላል፤ የእኛን ሐሳብ የያዘው ግን ከጦርነቱ በፊት በሃስቲናፑራ ቤተ መንግሥት፥ በአንድ አዳራሽ ውስጥ የሆነው ነገር ነው።

የአምስቱ ወንድማማች ታላቅ ዩዲሽቲራ እውነተኛ የተባለ ንጉሥ ነው፤ ቁማር ግን አይችልም፥ አይተውምም። የመቶው ታላቅ ዱርዮዳና ይህን ስለሚያውቅ አጎቱን ሻኩኒን ከፊቱ አስቀምጦ ያጫውተዋል። ዩዲሽቲራ ሀብቱን አስይዞ ተበላ፤ መንግሥቱን አስይዞ ተበላ፤ ወንድሞቹን አንድ በአንድ፥ በኋላም ገዛ ራሱን አስይዞ ተበላ። በመጨረሻ ሻኩኒ «ሚስትህ አለች እኮ» ባለው ጊዜ ድራውፓዲን አስያዘ፤ እሷም ተበላች።

መልእክተኛ ሊጠራት በሄደ ጊዜ ድራውፓዲ አላለቀሰችም፤ ጥያቄ ሰጥታ መለሰችው እንጂ። አስቀድሞ የተበላው ማን ነው? እሱ ወይስ እኔ? አስቀድሞ ራሱን ተበልቶ ባሪያ ከሆነ፥ ባሪያ የራሱ የሆነ ነገር ምን አለውና እኔን ያስይዛል? ለዚህ መልስ የሰጣት የለም። ዱሻሳና የተባለው የዱርዮዳና ወንድም ጠጉሯን ይዞ እየጎተተ ወደ አዳራሹ አመጣት። እዚያም ያንኑ ጥያቄ በሽማግሌዎቹ ፊት ደገመችው።

በአዳራሹ የነበሩት ተራ ሰዎች አልነበሩም። ሁሉም «አያታችን» የሚለው ቢሽማ፥ የልዑላኑ መምህር ድሮና፥ ሕግ አዋቂዎችና ነገሥታት ተቀምጠው ነበር። ቢሽማ፥ ዳርማ ረቂቅ ነገር ነውና ጥያቄሽን ልፈታው አልችልም አላት። (ዳርማ በእኛ ቋንቋ በአንድ ቃል አይመለስም፤ ሕግም፥ ግዴታም፥ ጽድቅም ነው።) በአንድ በኩል የራሱ ያልሆነውን ማንም አያስይዝም፤ በሌላ በኩል ሚስት በባልዋ ሥልጣን ሥር ናት እያለ ሁለቱን ሲመዝን ሴትዮዋ መሬት ላይ ነበረች። እኛ የተማርን የምንባል ሰዎች ይህን ቦታ ስናነብ ልናፍር ይገባናል፤ አነጋገሩን እናውቀዋለንና። «ነገሩ ሁለት ገጽታ አለው» ማለት አንዳንድ ጊዜ ዕውቀት ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ግን መሸሸጊያ ነው።

የንጉሡ ወንድም ቪዱራ፥ እውነቱን እያወቀ ዝም የሚል ሰው ሐሰት ከተናገረው ሰው በደል ግማሹን ይካፈላል ብሎ አስጠነቀቃቸው። የተነሣው ግን አንድ ወጣት ብቻ ነው። ስሙ ቪካርና ነው፤ ከመቶዎቹ አንዱ፥ የዱርዮዳና የገዛ ወንድሙ። በቁማር የሰከረ ሰው የሚሠራው ሥራ እንደ ሥራ አይቈጠርም፤ ዩዲሽቲራም አስቀድሞ ራሱን ተበልቷል፤ ደግሞም ስሟን ያነሣው ሻኩኒ ነው፤ ስለዚህ ሴትዮዋ አልተበላችም ብሎ ፈረደ። አዳራሹ በድጋፍ ተንጫጫ። ካርና ግን ተቈጥቶ፥ ሽማግሌዎች ዝም ባሉበት አንተ ልጅ ምን ታውቃለህ አለው። ጭብጨባውም ጠፋ። ይህች «አንተ ልጅ» የምትባል መልስ ከሕንድ ብቻ የመጣች አይደለችም፤ እዚህም በየስብሰባው ስንቱ ወጣት ሰምቷታል!

ቢሽማ ለምን ዝም አለ? ምክንያቱን ራሱ በጦርነቱ ዋዜማ ለዩዲሽቲራ ነግሮታል፤ ሰው የሀብት ባሪያ ነው፥ እኔንም የዱርዮዳና ወገን በሀብቱ አስሮኛል አለው። ድሮናም ያንኑ ደገመ። በእኛ አነጋገር ወጭት ሰባሪ መባልን ፈሩ ማለት ነው። ይህ ቀላል ፍርሃት አይደለም። እኛም የምንበላው እንጀራ የሌላ ሰው ነው፤ የወላጅ ነው፥ የዘመድ ነው፥ የመንግሥት ነው። አብልቶ ያሳደገንን ሰው በአደባባይ መቃወም በሀገራችን ነውር ሆኖ ነው ያደግነው፤ ነውርነቱም መሠረት አለው። ነገር ግን ያበላን ሰው ሊጠይቀን የሚገባው ምስጋናን ነው፥ አገልግሎትን ነው፤ በፊታችን ሰው ሲዋረድ ጣሪያ ጣሪያ እንድናይ የሚያስገድደን ውለታ ግን የትኛው ነው? ቪካርናም ያንኑ እንጀራ የበላ ነበር።

እዚህ ላይ ንግግሩን ባዘጋጀነው መካከል ክርክር ተነሥቷል። ቪካርና እውነቱን ከተናገረ በኋላ ከወንድሞቹ አልተለየም፤ ለነሱ ሲዋጋ በቢማ እጅ ሞተ፤ ቢማም ለመሐላው ሲል ቢገድለው አዘነለት። ከአንድ አባት የተወለደው ዩዩትሱ ግን ጦርነቱ ሊጀመር ሲል ሰልፉን አቋርጦ ወደ አምስቱ ተሻገረ። ግማሾቻችን ቪካርና እውነትንም ወንድሞቹንም ያልካደ ሰው ነው እንላለን፤ ግማሾቻችን ደግሞ የዩዩትሱን እንመርጣለን። መጽሐፉ ሁለቱንም አያወግዝም።

የዩዲሽቲራንም ውሸት ሳናነሣ ማለፍ አይገባም። በጦርነቱ ድሮናን ማሸነፍ ባቃታቸው ጊዜ አሽዋታማ የሚባል ዝሆን ገደሉ፤ የድሮና ልጅ ስም ደግሞ አሽዋታማ ነው። ድሮና ልጁ ሞቶ እንደ ሆነ ዩዲሽቲራን ጠየቀው፤ ከሌላ ሰው አላምንም ብሎ። እሱም «አሽዋታማ ሞቷል» ብሎ «ዝሆኑ» የምትለውን ቃል በአፉ ውስጥ አጕረመረማት። ድሮና መሣሪያውን ጣለ፥ ተገደለም። ከዚያ በፊት ከመሬት አራት ጣት ከፍ ብሎ ይሄድ የነበረው የዩዲሽቲራ ሠረገላ በዚያች ሰዓት መሬት ነካ። በሰምና ወርቅ ላደግን ለእኛ ይህ ታሪክ ልዩ ትርጕም አለው፤ ወርቁን ለመደበቅ ስንል ሰሙን ስናሳምር ከሕግ አንጻር አልዋሸንም እንላለን።

ከራማያና የምናነሣው ጥቂት ነው። እናቱ በተንኰል ያስገኘችለትን ዙፋን ሳይቀበል፥ የወንድሙን የራማን ጫማ በዙፋኑ ላይ አኑሮ 14 ዓመት በእንደራሴነት የጠበቀው ባራታ ሊመሰገን ይገባዋል። ራማ ግን በሕዝብ ሐሜት ምክንያት ንጽሕት ሚስቱን ሲታን፥ ያውም ነፍሰ ጡር ሳለች፥ ወደ ዱር መስደዱን አንቀበለውም። ብዙ ሊቃውንት ይህ ያለበት ሰባተኛው ክፍል በኋላ የተጨመረ ነው ይላሉ፤ ቢሆንም ከሕንዳውያንም መካከል ለሲታ የሚከራከሩ ብዙ ደራስያን ተነሥተዋል።

ወደ ቢሽማ እንመለስ። በጦርነቱ በፍላጻ ተወግቶ፥ ፍላጻዎቹ አልጋ ሆነውት ብዙ ቀን ተኝቶ ሳለ፥ ለዩዲሽቲራ ስለ ሕግና ስለ መንግሥት አስተዳደር ያስተማረው ትምህርት ከመጽሐፉ ረጅሙን ክፍል ይዟል። ሕዝቡ በዚህ ላይ የሚጨምረው አንድ ተረት አለ። ቢሽማ ሲያስተምር ድራውፓዲ ሳቀች። ለምን ትስቂያለሽ ቢላት፥ ይህ ሁሉ ዕውቀት በዚያን ቀን በአዳራሹ የት ነበር? አለችው። ሽማግሌውም፥ ልጄ፥ ያን ጊዜ ደሜ ከበደለኛ ሰው እህል የተሠራ ነበር፤ አሁን ፍላጻዎቹ አፍስሰውልኛል አላት ይባላል።