ቤት በባንክ ብድር ሲገዛ በድሬዳዋ ከተማ ስለሚነሡት የሕግ ጥያቄዎች

(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



የምድር ባቡሩ ሐዲድ ከጂቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. በደረሰ ጊዜ የተቆረቆረችው ድሬዳዋ፣ በደቻቱ ወንዝ ወዲህና ወዲያ፣ ከዚራን በቀጥተኛ ጎዳና፣ መጋላን በገበያና በመንደር እያስፋፋች ያደገች ከተማ ናት። ከመቶ ዓመት በላይ በቆየው በዚህ ዕድገት ውስጥ የቤቶቿ ሰነድ አንድ ወጥ ሊሆን አልቻለም። አንዱ ቤት የነባር ይዞታ ማስረጃ አለው፤ ሌላው በሊዝ ውል የተያዘ ነው፤ ሌላው የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ውስጥ ያለ ክፍል ነው፤ የቀበሌ ቤት ሆኖ ሳለ «ቁልፉ» የሚሸጥም አይታጣም። የመጨረሻውን በሚመለከት ሕጉ አጭር ነው፤ ተከራይ የማይሸጠውን ቤት፣ ገዢ ነኝ ባይ ለባንክ ሊያስይዘው አይችልም።

ቤት ለመግዛት የተነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ግድግዳውንና ጣሪያውን፣ የውሃውንና የመብራቱን ነገር አጥብቆ ይመረምራል። ሕጉ ግን በመጀመሪያ የሚመለከተው በመሬት አስተዳደር መሥሪያ ቤት የሚገኘውን ፋይል ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታ የመንግሥት ካደረገ ወዲህ፣ የሚሸጠውም የሚያዘውም ቤቱና የቦታው የመጠቀም መብት እንጂ መሬቱ አይደለም። ይዞታው በሊዝ የተገኘ እንደ ሆነ ደግሞ፣ አዋጅ ቁጥር 721/2004 መብቱን በመያዣነት ለመስጠት የፈቀደው በተከፈለው የሊዝ ገንዘብ መጠን ነው። ስለዚህ ገዢው ሻጭን «ስንት ነው?» ብሎ ከመጠየቁ አስቀድሞ «ከሊዙ ስንቱ ተከፍሏል?» ማለት ይገባዋል። ባንኩ ቤቱን ሲገምት ይህን መጠየቁ አይቀርም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ እንዲሆን በቁጥር 2877፣ በሦስተኛ ወገኖች ላይ ውጤት እንዲኖረውም ንብረቱ በሚገኝበት ቦታ ባለው የማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ እንዲጻፍ በቁጥር 2878 ያዛል። የመያዣ ውልም ለዕዳው ዋስትና የሆነውን የገንዘብ ልክ ለይቶ ካልገለጸ ዋጋ የለውም፤ በቁጥር 3052 መሠረትም ውጤት የሚኖረው በመዝገብ ከገባበት ቀን ጀምሮ ነው። የሚያስገርመው ነገር፣ ይኸው ሕግ ስለ መዝገቡ አሠራር የደነገገውን ክፍል በሥራ ላይ መዋል በቁጥር 3363 ላልተወሰነ ጊዜ ማቆየቱ ነው። የጎደለውን የሞሉት የየከተማው ማዘጋጃ ቤቶች ፋይሎች ናቸው። የከተማ ቦታ ይዞታ ምዝገባን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 818 እስከ ወጣበት እስከ 2006 ዓ.ም. ድረስ የነበረው ልማድ ይኸው ነበር። በመሆኑም በፋይሉ ውስጥ ያለች አንዲት የዕዳና እገዳ ደብዳቤ የቤቱን ዕድል ልትወስን ትችላለች።

በዚህ ረገድ ብዙ ሰው የሚያደናግረው አዋጅ ቁጥር 639/2001 ነው። ይህ አዋጅ ለባንክ ወይም ለአነስተኛ የገንዘብ ተቋም ብድር ዋስትና የሚደረግ የመያዣ ውል በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ የሚጠይቀውን የቁጥር 1723 ግዴታ አንሥቷል። ያነሣው ግን ይህን ብቻ ነው። በመሬት አስተዳደሩ ፋይል መመዝገቡ እንደ ቀድሞው አስፈላጊ ነው፤ በሻጭና በገዢ መካከል የሚደረገው የሽያጭ ውልም ከቁጥር 1723 አልወጣም። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በ1999 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 21448 በሰጠው ውሳኔ፣ በሚገባው ሥልጣን ፊት ያልተደረገ የቤት ሽያጭ ውል እንደ ውል አይቆጠርም ብሏል። በሽማግሌዎች ፊት፣ በሦስት ምስክር፣ በደብተር ወረቀት ላይ ተፈራርሞ ገንዘብ መስጠት በመጋላም ሆነ በሳቢያን ዛሬም ያልቀረ ልማድ ስለሆነ፣ ይህ ውሳኔ ከማንኛውም በላይ ሊታወቅ ይገባል።

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንምጣ። አንድ የሳቢያን ነዋሪ ቤቱን ለባንክ አስይዞ ሳለ በ4 ሚሊዮን ብር ለመሸጥ ይስማማል እንበል። ቀሪ ዕዳው 1 ሚሊዮን ተኩል ነው። ገዢው 1 ሚሊዮን ብር ያጠራቀመ ሲሆን የቀረውን 3 ሚሊዮን ከሌላ ባንክ ሊበደር አስቧል። ቤት በመያዣ መሰጠቱ ባለቤትነትን አያሳጣምና ሽያጩ በራሱ አልተከለከለም። ነገር ግን መያዣው ቤቱን ተከትሎ ይሄዳል። ዕዳው ሳይከፈል ስሙ ቢዛወር እንኳ፣ ባለገንዘቡ ባንክ ቤቱን በአዲሱ ባለቤት እጅ እንዳለ ሊያሸጠው ይችላል። ገዢው «ዕዳውን እኔ እከፍላለሁ» ብሎ ከሻጩ ጋር ቢዋዋልም፣ ባንኩ እስካልተቀበለው ድረስ ሻጩ ከዕዳው አይወጣም።

እንግዲህ ጉዳዩ የቅደም ተከተል ጉዳይ ነው። ገዢው 1 ሚሊዮን ብሩን አስቀድሞ ለሻጩ ቢያስረክብና ሻጩ ዕዳውን ሳይከፍልበት ቢቀር፣ አዲሱ ባንክ በተያዘ ቤት ላይ አያበድርም፤ የገዢውም ገንዘብ መያዣ የሌለው ተራ ብድር ሆኖ ይቀራል። ይህን ለማስወገድ የፊተኛው ባንክ ቀሪውን ዕዳ በጽሑፍ እንዲገልጽ፣ አዲሱ ባንክ ወይም ገዢው ያንኑ ገንዘብ በቀጥታ ለፊተኛው ባንክ እንዲከፍል፣ የዕዳ ማንሻ ደብዳቤው ለመሬት አስተዳደር ደርሶ የቀድሞው መያዣ ከተሰረዘና አዲሱ ከተመዘገበ በኋላ ሻጩ የቀረውን እንዲቀበል በውል ማሰር ይቻላል። ሻጩ ይህን ካልወደደ፣ አለመውደዱ ራሱ ለገዢው ማስጠንቀቂያ ነው።

ቀብድም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1885 መሠረት ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ካልፈጸመ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ካፈረሰ እጥፉን ይመልሳል። ባንኩ ብድሩን የከለከለው ገዢ በሕጉ ዓይን ውሉን ያልፈጸመ ወገን ሆኖ ሊገኝ ነው። «ብድሩ ካልተፈቀደ ቀብዱ ይመለሳል» የሚል አንድ መስመር በውሉ ውስጥ ማስገባት ምንም ወጪ የለውም። በሌላ በኩል ውሉ በደብተር ወረቀት የተጻፈና ፈራሽ ከሆነ፣ እጥፉን የመጠየቅ መሠረቱም አብሮ ይናጋል።

በፋይሉ ውስጥ የቆየ መያዣ ሲገኝ ሌላ ጥያቄ ይነሣል። በ1968 ዓ.ም. የተቋቋመው የቤቶችና ቁጠባ ባንክ ኋላ የኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ተብሎ፣ በ2008 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ጋር ተዋሕዷል። የእነዚህ ስም የተጻፈበት መያዣ «ባንኩ የለም» ተብሎ አይታለፍም፤ ማንሻውን የሚሰጠው መብቱን የወረሰው ባንክ ነው። የመያዣ ምዝገባ ካልታደሰ ውጤቱ በቁጥር 3058 ለ10 ዓመት መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ታድሶ ሊሆን ይችላልና ዓመት በመቁጠር ብቻ መተማመን አይገባም። ለ20 ዓመት የሚያበድር ባንክም ይህን ቀን ቢዘነጋ የሚጎዳው ራሱ ነው።

የጋብቻን ጉዳይ በሚመለከት ድሬዳዋ ከክልል ከተሞች ትለያለች። በአዋጅ ቁጥር 416/1996 በወጣው ቻርተር ለፌዴራል መንግሥት ተጠሪ በመሆኗ፣ የሚሠራባት የፌዴራሉ የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ነው። በዚህ ሕግ ቤቱ በአንደኛው ተጋቢ ስም ብቻ ቢመዘገብም፣ የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ የጋራ ነው። የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረትን ለመሸጥም ሆነ በመያዣ ለመስጠት የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ያልተስማማው ወገን ባወቀ በ6 ወር፣ ቢዘገይ ውሉ በተደረገ በ2 ዓመት ውስጥ እንዲፈርስ ፍርድ ቤት ሊጠይቅ ይችላል። ካርታው ላይ የባል ስም ብቻ ስላለ ሚስትን ሳይጠይቅ የገዛ ሰው፣ የባንክ ወርኃዊ ክፍያውን እየከፈለ እስከ ሁለት ዓመት በሥጋት ይኖራል። ከዚራ ውስጥ የሚገኝ አሮጌ የቤተሰብ ቤት የሚገዛም የወራሾችን ሁሉ ፊርማ መሰብሰብ አለበት። ጂቡቲ ወይም ዐረብ አገር ያለ ወንድም «ይሽጡት» ብሎ በስልክ መናገሩ አይበቃም፤ በቁጥር 2205 የማይንቀሳቀስ ንብረትን ለመሸጥና ለማስያዝ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። «ማናቸውንም ጉዳዬን እንዲፈጽም» የሚል ጠቅላላ ውክልና ለዚህ አይሆንም።

ከግዢው በኋላ የሚመጣው ጥያቄ «መክፈል ቢያቅትስ?» የሚለው ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ በቁጥር 3060 ባለገንዘቡ ያለ ሕጋዊ ሥርዓት ቤቱን እንዲወስድ ወይም እንዲሸጥ የሚፈቅድ ውልን ፈራሽ አድርጓል። አዋጅ ቁጥር 97/1990 ግን ለባንኮች ሌላ መንገድ ከፍቷል፤ በውል ከተስማሙ፣ ባንኩ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ቤቱን በሐራጅ ሊሸጥ ይችላል። ተበዳሪው ብዙ ጊዜ የሚያነበው የወለዱን መጠን ነው፤ ይህን አንቀጽ ግን ሳያየው ይፈርማል። ባንኩ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉን የሐራጅ ደንቦች መከተል አለበት፤ ካልተከተለ ላደረሰው ጉዳት ይጠየቃል። ይሁንና ካሣ በቤት ፈንታ የሚገኝ ነገር ነውና፣ ችግር የገጠመው ሰው 30ው ቀን ከመጀመሩ በፊት የክፍያ ጊዜ እንዲራዘምለት በጽሑፍ ቢያመለክት ይሻለዋል።

በመጨረሻም የኢንሹራንስ ጉዳይ አለ። በሐምሌ ወር 1998 ዓ.ም. ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ሲገድልና ቤቶችን ሲጠርግ ያየ የከተማው ሰው ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አይፈልግም። ቤቱ በጎርፍ ቢወሰድ ዕዳው አይወሰድም። ባንኮች በመያዣ የያዙት ሕንፃ ኢንሹራንስ እንዲገባ ይጠይቃሉ፤ የእሳት አደጋን ብቻ የሚሸፍን ውል ግን በወንዙ ዳር ላለ ቤት አይበቃም። ገዢው ጎርፍ በውሉ ውስጥ በስሙ ተጠቅሶ መግባቱን፣ ካሣው መጀመሪያ ለባንኩ የሚከፈል ከሆነም የሚተርፈው ለእርሱ መሆኑን፣ ከመፈረሙ በፊት አንብቦ ያረጋግጥ።