ትንሿ ጥይትና ድኩላ

ወገኖች! “በትንሿ ጠመንጃ፣ በ22 ካሊበር፣ ድኩላ ይታደናል ወይ?” ትሉ ይሆናል። እስቲ አብረን እንመርምረው።

የዚህች ጥይት ባሩድ የሚቀጣጠለው የቀለሁ ጠርዝ ሲመታ ነው። ስለዚህ ቀለሁ ስስ ይሆናል፤ ብርቱ ግፊት አይችልም። እርሳሷም 2 ግራም ተኩል ያህል ብቻ ናት። ለጥንቸል ትበቃለች።

ድኩላ ግን አጥንቱ ጠንካራ ነው። “እኔ ባንዲት ጥይት ጥያለሁ” የሚል አይጠፋም። እሱ ጭንቅላት አግኝቶ ነው። ጥቂት ከሳተ እንስሳው ቆስሎ ጫካ ይገባል፤ ተሰቃይቶ ይሞታል፤ ሥጋው የጅብ ይሆናል።

እንግሊዝ አገር በ1991 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ ለትልልቅ አጋዘኖች ቢያንስ 2,305 ጁል የሚለካ ጉልበት ይጠይቃል። የትንሿ ጉልበት ከዚህ ከስምንት እጅ አንዱን አይሞላም።

መልሳችን አይሆንም ነው። በአገራችንም ያለ ፈቃድ ማደን ክልክል ነው። አውሬ አቁስሎ መስደድ ጀግንነት አይደለም።