መሣሪያና የያዘው እጅ

(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ስለ ዕቃ አሠራርና ስለ ሰው ልቡና ለመናገር ምሳሌ ፍለጋ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልግም። የአርሲ ደጋ ገበሬ የሚያርስበት የበሬ ማረሻ በቂ መምህር ነውና።

አሜሪካዊው የሥነ ልቡና ሊቅ ዶናልድ ኖርማን እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ጥሩ ዕቃ አያያዙን በመልኩ እንደሚያስታውቅ፣ ለተሠራበትም ሥራ ወዲያው መልስ እንደሚሰጥ፣ ሰው ቢሳሳትበት ደግሞ አስቀድሞ የዕቃው አሠራር መመርመር እንዳለበት አስረድቷል። ይህን በማረሻው እንፈትነው። ዕርፉ በአንድ እጅ ስለሚያዝ ሌላው እጅ ለጅራፉ ይተርፋል። ማረሻው ድንጋይ ወይም ሥር ሲነካ በዕርፉ በኩል ለእጅ ይታወቃል። ሞፈሩ ቢሰበር ሌላ ይጠረባል፤ ብረቱ ቢዶለድም የመንደሩ ቀጥቃጭ ይስለዋል፤ ማታም ገበሬው ተሸክሞት ይገባል። ጉድለቱስ? አፈሩን ይሰነጥቃል እንጂ አይገለብጥም፤ በፈርና በፈር መካከልም ያልታረሰ ስለሚተው እያመሳቀሉ ደጋግሞ ማረስ ግድ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1967 በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት ካዱ የተባለው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት አሰላ ላይ ተቋቋመ። ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ከማከፋፈሉም ሌላ የተሻሻሉ የእርሻ መሣሪያዎችን ሞከረ። ዘሩና ማዳበሪያው ተስፋፋ፤ የአገሩ ማረሻ ግን ከቦታው አልተነቀለም። እንግዲህ «ገበሬው አዲስ ነገር ይፈራል» የሚለው ፍርድ አያስኬድም፤ ያው ገበሬ አዲሱን ዘር ተቀብሏልና። ከባድ የብረት ማረሻ ለበሬዎቹ ጉልበት፣ ለቀጥቃጩ ሙያና ለገበሬው ኪስ መስማማት ነበረበት። ኋላ የመልካሳ ምርምር ማዕከል መሐንዲሶች ዕርፉንና ሞፈሩን ሳይለውጡ ከሥር አፈር ገልባጭ ብረት ገጠሙ፤ ይህ ከሚያውቀው እጅ መነሣት ነው።

ትራክተሩስ? እሱስ ተስማምቶ ነበር፤ ነገር ግን ለባለመሬቱ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1975ቱ የመሬት ዐዋጅ በፊት በነበሩት ዓመታት በጭላሎ ባለመሬቶች በትራክተር ማረስ ስላዋጣቸው ብዙ ጢሰኞች ከሚያርሱት መሬት ተፈናቀሉ። ሞተሩ ጉድለት አልነበረበትም፤ ተጠቃሚ ተብሎ የተቈጠረው ሰው ግን ዕርፍ ጨባጩ አልነበረም።

ጓደኞቼ፤ ነገ መሣሪያ የምንሠራ ወይም የምናከፋፍል እኛ ነን። ስለዚህ ሥዕሉን ከመንደፋችን በፊት ሁለት ጥያቄ እንጠይቅ፤ ይህን የሚይዘው እጅ የማን ነው? በዚህስ ምክንያት ባዶውን የሚቀረው እጅ የማን ነው?