የቮልስ መስታወት ጎሚኒ ከየት ይመጣል?



ኮሚቴው «ስለ ሙያህ አጭር ነገር በል» ሲለኝ፣ ሌሎቹ ስለ ግድብና ስለ ድልድይ እንደሚያወሩ ስለማውቅ እኔ ስለ ጎማ ልናገር መጣሁ። የእግር ጎማ አይደለም፤ የመኪናን መስታወት ከላሜራው ጋር የሚይዘው፣ ጋራዥ ውስጥ ጎሚኒ የምንለው ነው። ስገባ ግቢው ውስጥ የቆሙትን ቮልሶች ቆጠርኩ፤ ሰባት ናቸው። አድማጭ አላጣም ማለት ነው።

የቮልስ ሞተር ዕቃ ሶማሌ ተራ ዞሮ ዞሮ ይገኛል። ጎሚኒው ግን «ለቮልስ ይሆናል» ተብሎ ይሸጣል እንጂ ለየትኛው ቮልስ እንደሆነ ሻጩም አያውቅም። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1958 ሞዴል የኋላውን መስታወት አሰፋ፤ በ1965 ደግሞ የዙሪያውን ሁሉ። የ1303 የፊት መስታወት ጭራሽ ጎበጥ ያለ ነው። ልኩ ያልሆነውን ጎትቶ ማስገባት ይቻላል፤ ጥግ ጥጉ ላይ ግን ይሸበሸባል፤ ክረምት ሲገባ ውሃው መንገዱን ያገኛል።

ውሃው የሚያሳስበኝ ወንበር ስለሚያረጥብ አይደለም። ከጎሚኒው ሥር ያለው የላሜራ ጠርዝ ይዝጋል፣ ከምንጣፉ ሥር ወለሉ ይበሰብሳል። ባለቤቱ የሚያውቀው ቀለሙ ሲያብጥ ነው፤ ያኔ ነገሩ የባትላሜራ ሥራ ሆኗል። እኛን ትምህርት ቤት ያመላለሰችንን የአባቴን ቮልስ አንድ ጋራዥ በሲሊኮን ደፍኖ ሰጠኝ። ሆምጣጤ ሆምጣጤ የሚሸተው ሲሊኮን ሲደርቅ አሲድ ይለቃል፤ ባዶ ብረት ላይ ካረፈ ዝገቱን ያፋጥነዋል። ከዓመት በኋላ መስታወቱን ሳወጣ ላሜራው በካቻቢቴ ይበሳ ነበር።

ታዲያ ለማሠራት ተነሣሁ። ጎማው ዳይ በሚባል ቅርጽ በወጣለት የብረት አፍ ተገፍቶ እንደ ፓስታ በሜትር ይወጣል፤ ከዚያ ተቆርጦ በሙቀት ይገጣጠማል። ጣጣው ልኩ ላይ ነው። አሮጌውን ጎሚኒ ብቻ ለክታችሁ አትስጡ፤ 50 ዓመት ፀሐይ የመታው ጎማ ተኮማትሯል። የሚለካው የመስታወቱና የላሜራው ውፍረት፣ እንዲሁም በመካከላቸው ያለው ክፍተት ነው፤ ያውም ዙሪያውን በየቦታው። መስታወቱ ተቀይሮ ከሆነ ውፍረቱ እንደ ድሮው ላይሆን ይችላል።

ጎማው ኢፒዲኤም ይሁን። የተፈጥሮ ጎማ በኦዞን ይሰነጣጠቃል፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ሆና ፀሐይዋ ለጎማ አታዝንም። ሲገጠም ዘይትና ግሪስ አትቀቡት፣ ኢፒዲኤም በዘይት ያብጣል። የሳሙና ውሃና በጎሚኒው ቦይ ዙሪያ የገባ ሲባጎ ይበቃል፤ አንዱ ከውጭ መስታወቱን ሲገፋ ሌላው ከውስጥ ሲባጎውን ይስባል፣ ከንፈሩም ላሜራውን ይጎርሳል።

የሚያስደነግጠው የዳዩ ዋጋ ነው። አምስት ሜትርም ይውጣ አምስት መቶ፣ ዳዩ ያው ነው። ስለዚህ ስድስት ሆነን ተካፈልን፤ ሁለቱ የባቻችን ልጆች ናቸው።

ሰብሳቢው ሰዓታቸውን እያዩ ስለሆነ መምህሮቼን አንድ ነገር ልለምን። የየዓመቱ ሞዴል ጎሚኒ በትክክል ተለክቶ ቢሣል፣ የናሙናውም ጥንካሬ ላቦራቶሪ ቢፈተሽ፣ ለአንድ ተመራቂ ተማሪ ጥሩ ፕሮጀክት ይወጣዋል። መኪና እኛ እናቀርባለን።

ቁራጮቹ ከኋላ ጠረጴዛው ላይ አሉ፤ አጥፋችሁ፣ ጎትታችሁ እዩአቸው። ከ1965 ወዲህ የተሠራ መደበኛ ቮልስ ያላችሁ ስማችሁን አስመዝግቡ፣ በሚቀጥለው ትእዛዝ እንጨምራችኋለን። 1303 ያላችሁ ግን ትንሽ ታገሡ፤ የእናንተን መስታወት ገና አልለካንም።