ቁልፍ ተነቅሎም ስለማይጠፋ የፍሬን መብራት
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ ከተደረገው ንግግር)



ዛሬ የምናነሳው የመኪና ቁልፍ ተነቅሎም አልጠፋ ስለሚል የፍሬን መብራት ነው። ሁለት ባለ 21 ዋት አምፖሎች 3.5 አምፔር ስለሚስቡ፣ ባለ 45 አምፔር ሰዓት ባትሪ አንድ ሌሊት አይችላቸውም። ያን ሌሊት ምጥ የያዛት ጎረቤት ብትኖር በምን እናደርሳታለን?

መጀመሪያ ጎንበስ ብለን፣ ከፍሬን መርገጫው በላይ ያለችውን የማብሪያ ጫፍ በጣት እንጫን። ከጠፋ፣ ጫፏን የምትገፋው ጎሚኒ ተሰብራ ወድቃለች፤ ስባሪዋ ብዙ ጊዜ ምንጣፉ ላይ ይገኛል። ካልጠፋ ሶኬቷን እንንቀል፤ አሁን ከጠፋ ጥፋቱ የማብሪያዋ ነው፤ አሁንም ከበራ ለኤሌክትሪሻን እንተወው። ሶኬቷን ነቅሎ መንዳትማ አይሆንም፤ ከኋላ ያለው መቆማችንን በምን ያውቃል? እስኪሠራ ድረስ ማታ ማታ የባትሪውን ኔጌቲቭ ገመድ እንፍታ።

ዘበኞቻችንም ቀይ መብራት ካያችሁ ሳታፍሩ በር አንኳኩ።