ሚዩራና ኩንታች፤ ስለ ካምቢዮ ሥፍራ



ላምቦርጊኒ እ.ኤ.አ. በ1966 ባቀረበው ሚዩራ፣ ባለ 12 ሲሊንደሩ ሞተር ከወንበሮቹ በስተኋላ በአግድም ተቀመጠ። ቦታው ስለ ጠበበ ሞተሩና ካምቢዮው በአንድ ቀፎ ውስጥ ሆነው አንድ ዘይት ተጋሩ። ከካምቢዮው ጥርሶች የሚፋቀው የብረት ብናኝ ወደ ሞተሩ የመዝለቅ ሥጋት ነበረው። ዘይቱ የተለየው በመጨረሻዎቹ የኤስ ቪ መኪኖች ላይ ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1971 በጄኔቭ የታየው ኩንታች ግን፣ በመሐንዲስ ፓኦሎ ስታንዛኒ ንድፍ፣ ሞተሩን በቁመት አዞረው፤ ካምቢዮውንም (ቃሉን የኢትዮጵያ ጋራዦችም ከጣልያንኛ መውረሳቸው ልብ ይሏል) ከሞተሩ ፊት፣ በሁለቱ ወንበሮች መካከል አስገባው። የማርሽ መለወጫው በነጂው እጅ ሥር ሆነ፤ ክብደቱም ወደ መካከል ተሰበሰበ። አሠራሩ ከሚዩራው ያለ ጥርጥር የላቀ ነው። ዋጋ ግን አስከፍሏል፤ ኃይሉ ወደ ኋላ ጎማዎች የሚመለሰው በሞተሩ የዘይት ማጠራቀሚያ በኩል በሚያልፍ ዘንግ ስለሆነ፣ ከባዱ ሞተር ከፍ ብሎ መቀመጥ ግድ ሆነበት።