የደጃችን ሐዲድ



አቃቂ ላይ የድሮውን ሐዲድ ተሻግራችሁ ይሆናል። ብረቱ ዝጓል፤ ሣር ውጦታል። ድሮ ግን ከድሬዳዋ ሌሊቱን በባቡር የተጓዘ መንገደኛ አቃቂ ሲደርስ ጓዙን ይሰበስብ ነበር። የአዲስ አበባው ለገሃር ጣቢያ ቀርቧላ!

የሩቁን ቅርስ ስንጎበኝ ግን ሌላ ሰው ነን፤ ትግራይ፣ ይሓ ሄደን የጥንቱን ቤተ መቅደስ ፍርስራሽ ስናይ ድምፃችንን ዝቅ እናደርጋለን። ያለ ጭቃ የተገጣጠመውን ድንጋይ በእጃችን እንዳብሳለን። ማን ጠረበው? ማን አነባበረው? ብለን እንጠይቃለን። ደግ አደረግን። የደጃችንን ሐዲድ ግን ሳንጠይቅ እናልፋለን። ረግጠነው እናልፋለን።

ዛሬ ቆም በሉ። በሰፈራችሁ አንድ አዛውንት ፈልጉ። «አባባ፣ ያኔ ባቡሩ ሲመጣ እንዴት ነበር?» በሏቸው። ከዚያም አድምጧቸው። የሩቁን የምናከብር ሰዎች፣ የቅርባችንንም እናክብር።